«የምድር ሥራ»

ዛሬ ደግሞ የጡረታዬ ስሌት እንዲታረምልኝ ብጠይቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «አቤቱታዎ ጊዜው አልፎበታል» አሉኝ! የማን ጊዜ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ስንዋጋ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት አብርሬአለሁ። መዝገባቸው ግን በእነዚያ ዓመታት «በምድር ሥራ» ላይ ነበር ይላል። ታዲያ ከሶማሊያ ሚግ-21 ጄት ጋር ሰማይ ላይ የተታኮስኩት ጠረጴዛዬን ይዤ ነው?

የበረራ መዝገቤን አሳየሁ። ቅጂ ነው ተባለ። ዋናው የት አለ? እነሱ ግምጃ ቤት ውስጥ! «የዓይን ምስክር ያምጡ፣ ሻለቃ» አለኝ የቢሮው ልጅ፣ በትሕትና። ምስክሮቼ ብዙዎቹ ከዚያ ጦርነት አልተመለሱም። ወይስ ያሳደድኩት የሶማሊያ አብራሪ ቀርቦ ይፈርምልኝ?

የበረራ አገልግሎቴን ቀንሶ ጡረታዬን ለማስላት ማንም ማኅተም አልጠየቀም። ለመመለስ ሲሆን ግን ፊርማ፣ ቃለ ጉባኤ፣ «ሳምንት ይመለሱ»። ይኸው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለበዓል ይጠራኛል፤ የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ለቀድሞ ተዋጊ አብራሪ» ብሎ ጽፎ!