«ዕድሜ ነው» ማለት ሕክምና አይደለም

ሲያስላቸው፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው አረጋውያን ሴቶች ደፍረው ቢናገሩ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «ዕድሜ ነው» የሚል መልስ ነው። ይህን መልስ የጤና ባለሙያ ሲሰጠው ይበልጥ ያሳዝናል። ወሊድ፣ ማረጥና ዕድሜ ፊኛን ከሥር ደግፈው የያዙትን ጡንቻዎች ያላላሉ፤ የላላ ጡንቻ ግን በ70 ዓመትም ይጠነክራል።

መፍትሔ የለም የተባለች ሴት የራሷን ትፈልጋለች፤ ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች። ያኔ ሽንቷ ይወፍርና ፊኛዋን ይቆጠቁጣል፤ ሆዷም ይደርቃል፣ የደረቀው ሰገራ ፊኛዋን ይጫናል። ችግሩ ይብስባታል። ሌሊት ተጣድፋ ስትነሳ የመውደቅና የመሰበር አደጋም አለ።

የመጀመሪያው ሕክምና ፊኛን የሚደግፉት የእነዚህ ጡንቻዎች ልምምድ ነው። ፈስ እንዳያመልጥ እንደሚደረገው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ በአንድ ዙር ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ይተዉታል፤ ጡንቻ ግን በዚያ ፍጥነት አይገነባም። ሌሎች ደግሞ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ ወይም ወደ ታች ያምጣሉ፤ ይህ ጡንቻውን ይበልጥ ይጫነዋል። እየሸኑ ሽንትን ማቋረጥም እንደ ልምምድ መወሰድ የለበትም፤ ፊኛ በደንብ ባዶ እንዳይሆን ሊያደርግ ይችላል። ሳል ሊመጣ ሲል ቀድሞ መጨበጥ ግን ያኔውኑ ይረዳል።

ችግሩ ድንገት የሚያጣድፍ ሽንት ከሆነ መሮጥ አያዋጣም። ባሉበት ቆሞ ጡንቻውን ቶሎ ቶሎ መጨበጥ፣ ጥድፊያው ሲበርድ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። ሽንት ቤት የሚሄዱበትን ልዩነት ጥቂት በጥቂት ማራዘምና ቡናን መቀነስም ይረዳል፤ ለዚህ ቢያንስ 6 ሳምንት ይስጡት።

ከባለሙያው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፦ የ3 ቀን የመጠጥና የሽንት መዝገብ ማስያዝ፣ ሽንት መመርመር፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ማየት። ለደም ግፊት የታዘዘ የሚያሸና ክኒን ብቻውን ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ከማረጥ በኋላ በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክሬም ጥድፊያውን ለብዙዎች ያቀልላል። እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ የፊኛ መድኃኒቶች ግን አረጋውያንን ግራ ሊያጋቡና የማስታወስ ችሎታቸውን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ማምለጡ ከእግር መዛል ጋር በድንገት ከጀመረ፣ ልምምድ ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የደም ግፊት በየቀጠሮው ይለካል። «እማማ፣ ሽንት ያመልጥዎታል?» የሚለውም ጥያቄ አብሮት ይጠየቅ፤ እሳቸው አፍረው ዝም ቢሉም ጠያቂው ማፈር የለበትም።