ልምምድ ያልወጣም ይቀጠራል
«ኢንተርንሺፕ ያልወጣ የቢዝነስ ተመራቂን ባንክ ዞር ብሎ አያየውም» የሚለው ልክ አይደለም። ለጀማሪ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች አንብቡ፤ በአብዛኛው የሚጠየቀው አማካይ ውጤት፣ የምረቃ ዓመትና የባንኩ የመግቢያ ፈተና ነው፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። ለገንዘብ ያዥነት ስንቱን ያስቀረው ዋስ ማጣት እንጂ ልምምድ አይደለም። «ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም» ላልሽው እህቴ፣ በከፊል እውነትሽን ነው፤ ግን የሂሳብ ሥራ ቢሮዎችን ሞክሪ። እኔ የምሠራበት ቢሮ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30፣ የደረጃ «ሀ» (የትልልቆቹ) ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳብ ሲደራረብ፣ ሰው ያጥረዋል፤ ማስታወቂያ ግን አይለጥፍም፣ የሚገባው በር አንኳኩቶ የመጣ ነው። ደሞዙ (አልዋሽሽም) ከትራንስፖርት ብዙም አያልፍም። ቢሆንም ደረሰኝ መለየት፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብና ቫት ማስታወቅ እዚያው ይለመዳል፤ ለቀጣዩ ቃለ መጠይቅ የምታወሪው ታገኛለሽ። ሰኔ ላይ ሂጂ፣ ከጥቅምት በኋላ ሥራው ይቀዘቅዛል። አንድ ነገር ብቻ፦ የደሞዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ገብቶ ግብር እንዲከፈልልሽ ከመጀመሪያው ተነጋገሪ። ብዙ መሥሪያ ቤት ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር ካልተከፈለበት አይቀበልም።