ሄድኩ ባዮች ይመስገኑ

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስንብት የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኙም። ትልቅ በደል ነው። ሌላው ሰው ከአንድ ቤት ሲወጣ በሩን ዘግቶ መንገዱን ይሄዳል። እነሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሚወጡበትን ምክንያት በዘጠኝ አንቀጽ አስረድተው ሲያበቁ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

አንድ ወዳጄ ስንብቱን የጻፈው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፤ ትልቅ ውሳኔ በቀን አይወሰንም። ያልገባበት ጉዳይ የለም። ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ መውሰዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሰማ ያልተቆጣውን ቁጣ ሁሉ ያን ሌሊት ተቆጣ። እኛ ለማስታወቂያ ነጋዴ የምንቸረቸር ዕቃ ሆነናል አለ። የምናየውን የሚመርጥልን፣ ንዴታችንን እየቀለበ የሚያሳድግ ስልተ ቀመር ነው አለ። እውነቱን ነው፤ አንዷንም ቃል አላስተባብልም። ከዚያ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ስንት ሰው እንዳዘነለት ይቆጥር ጀመር።

ሲነጋ 214 ሰው አዝኗል። ይህን ያህል ሐዘንተኛ ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ለእያንዳንዱ “አመሰግናለሁ፣ አትጥፉ” እያለ ሲመልስ ሳምንቱ አለቀ። (እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ያዘነው 11 ሰው ብቻ ስለሆነ አጠፋሁት።)

መሄጃ አጥቶ እንዳይመስላችሁ። ነጻ የሚባሉ መድረኮች ሞልተዋል። ማስቶዶንን ብንወስድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለ። ማስታወቂያ አያሳይም፤ ጽሑፍም የሚቀርበው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው። በብዙ ሰዎች እጅ ባሉ ልዩ ልዩ ሰርቨሮች (መረጃ በሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች) ላይ ስለሚሠራ አንድ ባለጸጋ ገዝቶ የሚጠቀልለው ነገር አይደለም። እንደ ኢሜይል፣ በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ በሌላው ከተመዘገበ ጋር ይጻጻፋል።

ወዳጄም ከነጻዎቹ በአንዱ ተመዘገበ። መጀመሪያ ሰርቨር ምረጥ ተባለ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ ለዓመታት ሌላ ሲመርጥለት ኖሮ በአንድ ምሽት ራስህ ምረጥ ማለት ግፍ ነው። ቀጥሎ “ሰላም፣ ማን አለ?” ብሎ ጻፈ። ሰላምታውን ተቀብሎ ሺህ ሰው ደጃፍ የሚያደርስ ማሽን ስላልነበረ፣ ሰላምታው በተጻፈበት ቁጭ አለ። በማግስቱ ስለ እንጉዳይ የሚጽፍ አንድ የማያውቀው ሰው “እንኳን ደህና መጣህ” አለው። ወዳጄ በመልካም አቀባበል የሚታለል ሰው አይደለም። “እዚህማ ሰው የለም” ብሎ ወጣ። ከዚህኛው ሲወጣ ግን ስንብት አልጻፈም። ለማን ብሎ?

ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ የቆየ ወግ ነው የጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ2010 አራት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲያስፖራ የተባለ ነጻ መድረክ እንሠራለን ብለው ከሕዝብ 10 ሺህ ዶላር ቢጠይቁ 200 ሺህ ገደማ ተሰበሰበላቸው። ሰው ለነጻነት ኪሱን አይሰስትም። ጓዙን ይዞ እንዲገባ ማን ጠየቀው? በጥር 2021 ዋትስአፕ የግል መረጃ ደንቡን ሊቀይር መሆኑን ሲያስታውቅ ብዙዎች ወደ ሲግናልና ቴሌግራም ጎረፉ፤ “ኑ ተከተሉን” የሚለውን ጥሪ ግን በዋትስአፕ ላኩት። በጥቅምት 2022 ትዊተር በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥም ስደተኛው አዲስ አድራሻውን ያስተዋወቀው እዚያው ትዊተር ላይ ነበር። የሸሹትን ቤት ግድግዳ ለማስታወቂያ መጠቀም ብልሃት ነው። ከሸሹት መካከል በሄዱበት የቀሩም አሉ፤ ስለ መሄዳቸው ግን ምንም አልጻፉም። ይህን ዓይነት ስልቹ ሰው ማመስገን አይቻልም።

ባለፈው ሳምንት ትልቁ መድረክ ራሱ ለወዳጄ “ከሦስት ዓመት በፊት በዛሬው ዕለት” ብሎ ያችን ስንብት ከማኅደሩ አወጣለት። ልቡ ተነካ። “ጊዜው እንዴት ይሮጣል!” የምትል ቃል ጨምሮ እንደገና አጋራት። ይህን ስጽፍ 96 ሰው አዝኗል።