በእኛ ነው በፈረንጅ?

ጓደኛዬ መስከረም ላይ ገንዘብ ሲበደረኝ «ወር በገባ በአስር እሰጥሃለሁ» አለኝ። ጥቅምት 10 ደወልኩለት።

«ውይ፣ እኔ እኮ በፈረንጅ ነው ያልኩህ!»

ጠበቅኩ። የፈረንጁ 10 ሲደርስ በእኛ ህዳር 1 ነበር።

«ምነው ቸኮልክ? ወሩ እኮ ዛሬ ገባ!»

መንግሥታት እንኳ በቀን እንዲህ አልቀለዱም ልለው ታሪክ አገላበጥኩ። ለካ ቀልደዋል።

ፈረንጆች ድሮ ይቆጥሩበት የነበረው፣ የጥንቱ የሮም ገዢ የጁሊየስ ቄሳር ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። 11 ደቂቃ ምን አላት? ቡና እንኳ አታስፈላም። ስትጠራቀም ግን ቀን ወጣት። በ1582 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳንጣላ) የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን ቆርጠው ጣሉ። ስፔን ኦክቶበር 4 ተኝታ ኦክቶበር 15 ነቃች።

እንግሊዞች «ከሮም የመጣ ነገር ይቅርብን» ብለው 170 ዓመት አኮረፉ። ተራቸው ሲደርስ፣ በ1752፣ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 ሆነ። ሕጋቸው ግን አንድ ነገር አልረሳም፦ ቀን ስለተዘለለ ኪራይና ዕዳ ቀድሞ አይጠየቅም። አከራይ «ወሩ ሞልቷል» ብሎ በር እንዳያንኳኳ ማለት ነው። ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ለምንገፋ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የስዊድኖቹ ግን ይለያል። «11 ቀን በአንዴ አንውጥም፣ በ40 ዓመት ቀስ እያልን እንጨርሰዋለን» አሉ። ዘዴው ፌብሯሪ 29 በመጣ ቁጥር መተው ነበር። በ1700 ተዉት። በ1704 መተዉን ረሱት። በ1708ም ረሱት። ጦርነት ላይ ነበሩ፣ ይሁን። ብቻ ከአዲሱም ከአሮጌውም አቆጣጠር የማይገጥም፣ የግላቸው የሆነ ቀን ይዘው ቀሩ። ሲሰለቻቸው ወደ አሮጌው እንመለስ አሉ፤ ለመመለስ ደግሞ አንድ ትርፍ ቀን አስፈለገ። በ1712 ፌብሯሪ 30 ዋለ! አዲሱን በአንዴ የዋጡት በ1753 ነው።

ይህን ለጓደኛዬ መንገር አልነበረብኝም። በጥሞና ሰማኝ፣ ሳቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«በቃ፣ ፌብሯሪ 30 እከፍልሃለሁ።»

እንዲህ ያለ ቀን የለም እንዳልለው፣ ነበር ያልኩት እኔው ነኝ።