ማስተካከያ፦ ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የመጀመሪያ ሸክላ

ስለ ፒያኖ ተጫዋቿና የሙዚቃ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስፋት እየተጋራ ያለ ጽሑፍ፣ ፒያኖ የተማሩት ኢየሩሳሌም ገዳም ከገቡ በኋላ እንደሆነና የመጀመሪያ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታተመ ይገልጻል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

እማሆይ የምዕራቡን ሙዚቃ መማር የጀመሩት በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ነው፤ ያውም በቫዮሊን። በኋላ ካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረዋል። ኢየሩሳሌም በቋሚነት የኖሩት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ነው፤ የምንኩስና ሕይወታቸው የተጀመረው ግን እዚያ ሳይሆን ግሸን ማርያም ነው።

ራሳቸው ፒያኖ የተጫወቱበት የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ኢየሩሳሌም በቋሚነት መኖር ከመጀመራቸው ቀደም ብሎ፣ ጀርመን ታትሟል። የሽፋኑ የጀርመንኛ ርዕስ ራሱ የገዛ ድርሰቶቻቸውን እንደሚጫወቱ ይናገራል፤ ገቢውም ወላጅ ላጡ ሕፃናት መርጃ የታሰበ ነበር። የ2006ቱ ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቁጥር ሆኖ የወጣው ስብስብ ሲሆን፣ የያዘው ቀደም ብለው የተቀረጹ ሥራዎችን ነው። ለዚህ ማስተካከያ የተመሳከሩት የሸክላዎቹ የኅትመት መረጃና የታተሙ የሕይወት ታሪኮቻቸው ናቸው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ያሳተሙትን ሥራ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ጅማሮ ያስመስለዋል። ጽሑፉን ያጋራችሁ ሁለቱን ነጥቦች አርሙልን። ያረፉበት ቀን፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትክክል ተጽፏል።