የዘማች ወረቀት ለቆራሌ አይሰጥም

ወገኖቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ አንድ ቆራሌ ማዳበሪያውን አራግፎ የገዛውን ሲለይ አገኘሁት። የተጨረማመቱ ብረት ድስቶች፣ የመዳብ ሽቦ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፤ ከሁሉም ሥር በሲባጎ የታሰረ ወረቀት። ከላይ የነበረው ዳር ዳሩ የተበላ የጡረታ ደብተር ነው። ጎንበስ ብዬ ገለጥሁት። ፎቶግራፉ ተላቆ ወድቋል፣ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ማዕረግ፣ ሃምሳ አለቃ። ክፍል፣ ክብር ዘበኛ። በውስጡ በአራት የታጠፈ የስንብት ደብዳቤ አለ፤ ወይን ጠጅ ማኅተሙ ዛሬም ይነበባል። «ከየት አመጣኸው?» አልሁት። «ቤት የሚለቁ ሰዎች ናቸው፤ ድስቱን ሸጡልኝ፣ ወረቀቱን መረቁልኝ» አለኝ።

መረቁለት! አንድ ሰው ጉልበቱን የጨረሰበት አገልግሎት የድስት ምራቂ ሆነ።

ይህን ያደረጋችሁ ክፉዎች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ቤት ሲፈርስ ቀኑ አጭር ነው፤ ኮንዶሚኒየም ጠባብ ነው፤ የአያት ሳጥን ከባድ ነው። ነገር ግን ምን አሳልፋችሁ እንደሰጣችሁ ልንገራችሁ። የአንድን ዘማች ነገር ከመዝገብ ለማውጣት የነበረበትን ክፍል፣ የመለያ ቁጥሩንና ያገለገለበትን ዓመት ማወቅ ግድ ነው። መዝገብ ቤት «ደግ ሰው ነበር፣ ጀግና ነበር» ተብሎ አይጠየቅም። ሦስቱም ያሉት በዚያ በምትንቁት ደብተር ላይ ነው። እሱ ከጠፋ የልጅ ልጃችሁ ለንደንም ሮምም ቢሄድ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ለእኔ የደረሰኝ ከዚህም ያነሰ ነበር። በቤታችን ስለ አያቴ የሚወራው «ኮሪያ ዘምቷል» ብቻ ነው። የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ አሥራ አንድ ወታደሮች በድንጋያማ ተረተር ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዱ የተቀደደ ጓንት አድርጓል፣ ከጀርባው በቀለም «ግንቦት 1945» ተጽፏል። ያችን አንዲት መስመር ይዤ ተነሣሁ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ፑሳን የተጓዘው ነው። በ1944 ሁለተኛው ተካው። በግንቦት 1945 ግንባር ላይ የነበረው ሦስተኛው ቃኘው ነው፤ ፖርክ ቾፕ በሚሉት ኮረብታ ዙሪያ ሌሊት ሌሊት ለቅኝት እየወጣ ሲዋጋ የነበረው። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ስለነበር የሬጅመንቱ የጦር ሪፖርቶች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ወሩን ያወቀ ሰው የወሩን ሪፖርት ያስወጣል። በቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር ይህን ያህል መንገድ ወሰደችኝ።

ሴት አያቴ በሕይወት ሳለች ፎቶግራፉን አሳይቼ የባሏን ጓዶች ስም ጠየቅኋት። አራቱን ነገረችኝ፤ «የቀሩትን ነገ፣ ዓይኔ ደከመ» አለችኝ። እኔም ነገ አልሄድሁም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አልሄድሁም። የቀሩት እስከ ዛሬ ያለ ስም ተቀምጠዋል። ቃኘው አንድም ምርኮኛ አላስያዘም እያልን በየአደባባዩ እንኮራለን፤ ኩራቱ እውነት ነው። ከ120 በላይ ወንድሞቻቸውን ቀብረው፣ ከ500 በላይ ቆስለው ያገኙት ክብር ነው። ታዲያ በአፍንጮ በር መታሰቢያቸው ደጃፍ በየቀኑ የምናልፍ ሰዎች ከዚያ ሁሉ ዘማች የስንቱን ስም እንጠራለን?

«አያቴ አርበኛ ነበሩ» የምትሉ፣ የት ነበሩ? ከማን ጋር? ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። ሸዋ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ነበሩ ወይስ ጎጃም ከበላይ ዘለቀ ጋር? የፈረስ ስማቸው ማን ነው? የክርስትና ስማቸውስ? ይህን የማያውቅ ሰው በአያቱ ሊፎክር እንጂ አያቱን ሊያከብር አልተነሣም። ፉከራው ደግሞ ለሌላው ስድብ መንደርደሪያ እየሆነ መምጣቱ ያሳፍረኛል።

ስትፈልጉም በጥንቃቄ ፈልጉ። የፈረንጅ መዝገብ የአባትን ስም ያስቀድማል፣ «ወልደ»ን ከ«ገብርኤል» ይለያያል፣ አንዱን ስም በአምስት ዓይነት ፊደል ይጽፋል። ዘመኑንም በጣት ቁጠሩት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። እዚሁ ከተማችን መሐል ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ፤ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን አለ። ቁጭ ብሎ ገጽ መግለጥ ይጠይቃል። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፈለግሁትን ዓመት ጥራዝ ስከፍት የዘማቾች ፎቶግራፍ የነበረበት ቦታ በምላጭ ተቆርጦ አገኘሁት። የቆረጥኸው ሰው፣ ምናልባት አባትህን አይተህ ይሆናል፤ በዚያው ምላጭ ግን የሌሎቻችንን አባቶች ወስደሃል። መልሰው።

እናንተም መዝገብ የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቁልፉ የሁላችንም ነው። በአንድ መዝገብ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የደብዳቤው ግልባጭ፣ በመጨረሻ «ባለ ቁልፉ ፈቃድ ላይ ነው» ተባልሁ። ከፊቴ ተራ ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ልጅ የአባቱን አገልግሎት ሊያውቅ ሲመጣ እንደ ሰላይ አትዩት።

ብዙዎቻችሁ ወረቀቱን የሸሸጋችሁት በፍርሃት መሆኑን አልዘነጋሁም። ክብር ዘበኛ ካስነሣው የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ የክብር ዘበኛ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወረደ። በደርግ ዘመን ኮሪያ ዘምቶ ከኮሚኒስት ጋር መዋጋት የሚነገር አልሆነም፣ ሜዳልያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀበረ። በ1983 ጦሩ ሲበተን ስንት እናት የልጇን መታወቂያ ምድጃ ውስጥ ከተተች! ያን ጊዜ ልክ ነበራችሁ፤ ሕይወት ይቀድማል። አሁን ግን የተቀበረውን አውጡ። በ1970 ካራማራ ላይ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሰባ ሊደፍን ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ትግላችን ሐውልትን በታክሲ መስኮት ከማየት ወደ ቤት ገብቶ «አባባ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ስትገባ ስንተኛ ብርጌድ ተመደብህ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ጠይቁ፣ ጻፉት፣ ቀኑንም ጻፉበት።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ስትፈልጉ የማትወዱትን ታገኙ ይሆናል፤ በጣሊያን ደመወዝ መዝገብ ላይ የአያታችሁን ስም፣ ወይም «ከድቷል» የሚል ማስታወሻ። ገጹን አትቅደዱ። ርሃብ ይሁን ቂም፣ ግዳጅ ይሁን ጥቅም፣ ምክንያቱን ማወቅ የሚቻለው ገጹ ካለ ነው። የሌላውን ሰው አያት ገጽ ደግሞ በልጅ ልጁ ፊት ላይ ለመወርወር አትፈልጉ። ይህን የምታደርጉ አላችሁ፤ አፍራችሁ ተዉት።

ያንን የጡረታ ደብተር ከቆራሌው ወስጄዋለሁ። ከነስንብት ደብዳቤው በንጹሕ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ለቆራሌውም አድራሻዬን ሰጥቼዋለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ባለቤቱ በእርሳስ የሦስት ልጆቹን ስምና የተወለዱበትን ቀን አስፍሯል። ሦስቱን ስም የነገረኝ ይውሰደው።