የኤችአይቪ መከላከያው ከመድኃኒት ቤትም ይገኝ

ቅዳሜ ማታ ኮምቦልቻ ላይ ወደ መድኃኒት ቤት ገብታ ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) የምትፈልግ ወጣት ብዙ አትናገርም፤ ስሙን በለሆሳስ ትጠራለች፣ ካልሆነም በስልኳ ጽፋ ታሳያለች። ፋርማሲስቱም ስንት ሰዓት እንዳለፋት ጠይቆ፣ አወሳሰዱን ነግሮ ይሰጣታል። ይህችው ወጣት በዚያው ምሽት ለኤችአይቪ ተጋልጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው ስጋት የሚሰጠው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ ሲሆን፣ ፋርማሲስቱ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ከመላክ በቀር የሚያደርግላት ነገር የለም።

አስቀድሞ የሚወሰደው መከላከያ፣ ማለትም ፕሬፕ፣ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው ሁሉ እንዲሰጥ የመከረው ይህ ክኒን በአግባቡ ከተወሰደ በወሲብ የሚተላለፈውን ቫይረስ እጅግ አስተማማኝ በሆነ ደረጃ ይከላከላል። ኮምቦልቻ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች የሚያድሩባት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ከየወረዳው ወጣት ሴቶችን የሚስብባት ከተማ ናት። በፈረቃ የምትሠራ ሴት የጤና ጣቢያው ሰዓት አይመቻትም፤ ቢመቻትም የኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክፍሉን በር ሁሉም ያውቀዋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ሳያይ የሚታለፍ በር የለም።

መድኃኒቱ ምርመራ ስለሚያስፈልገው ለፋርማሲስት አይተውም የሚሉ ሐኪሞች መነሻቸው ትክክል ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ላለ ሰው ፕሬፕ ብቻውን ቢሰጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ ይችላል፣ የኩላሊትና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አይዘለልም። ይሁንና የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሕግ ይህንኑ አስቦበታል፦ ፋርማሲስቱ በቅርቡ ተመርምሮ ነጻ ለሆነ ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ ቢበዛ የ60 ቀን መድኃኒት እንዲሰጥ፣ ቀጣዩን ክትትል ግን ወደ ሐኪም እንዲመራ ፈቅዷል። እኛም ከዚህ ብንጀምር አይከፋም፤ ፈቃዱ በፋርማሲስት ለሚመሩ መድኃኒት ቤቶች ብቻ እንጂ ለማንኛውም የመድኃኒት መደብር እንዳይሆን አድርገን።

እርግጥ የደሴ ፒያሳ መድኃኒት ቤቶችን ለሚያውቅ ሰው ምስጢር መጠበቁ ያሳስበዋል፤ ባንኮኒው ላይ የሚባለውን ከኋላ የቆመው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ቢያንስ መጋረጃ ያለው ጥግ የፈቃዱ መስፈርት መሆን አለበት። ክፍያውም እንዲሁ ነው፦ መድኃኒቱ ለተጠቃሚው በነጻ የሚሰጥ ከሆነ የፋርማሲስቱ የአገልግሎት ዋጋ ከየት እንደሚሸፈን አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ባለመድኃኒት ቤቱ ያንን ጥግ ለሚሸጥ ዕቃ ያውለዋል።